አንዳንዴ የሚነሳ መኪና ይዘን ወደ ደሴ

መካነ ሰላም፣ ጎህ ሲቀድ

ደሴ የሄድኩት ሹፌራችንን በዓይኔ ልጠብቅ ነው። የወንድሜ የደምሴ ፒካፕ አንዳንድ ቀን ቁልፉ እንደዞረ ይነሳል፤ አንዳንድ ቀን «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ባትሪ ተቀየረለት፣ ለውጥ የለም። ደምሴ እግሩ ተሰብሮ ከተኛ ወዲህ የሚነዳው ሰይድ የሚባል የደሴ ሰው ነው። መኪናው ማስቸገር የጀመረውም እሱ ከተቀጠረ በኋላ ነው። ደምሴ መኪናው ደሴ ጋራዥ እንዲታይ ላከንና እኔን ለብቻዬ ጠራኝ።

«እጁን ተመልከቺ። አውቆ የሚያበላሸው ከሆነ ቁልፉን ተቀበይውና እዚያው ይቅር። እኔ ባንቺ ቃል ነው የምወስነው።»

ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሰው ፊት መናገርም ያስፈራኛል። ማየት ግን እችላለሁ።

እናቴ ሰይድ ሳይመጣ ኮፈኑን ከፍታ፣ ማታ ማታ ሞተሩ ላይ የምትደርበውን አሮጌ የበግ ፀጉር ባና አነሳች። ብርዱ ከጠና ጀምሮ ሞተሩን እንደ አራስ ሸፍና ነው የምታሳድረው። «ውርጭ የመታው ብረት አይነሳም» ትላለች። ሰይድ ሲደርስ ባናው ታጥፎ ጓዳ ገብቷል።

መኪናው በአንድ ዙር ተነሳ። «ዛሬ ደግ ሆኗል» ብሎ ሰይድ ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም። ጎረቤታችን እማማ ዘሃራም ልጃቸው ደሴ ወልዳ ስለነበር ቅቤያቸውን ታቅፈው መሃላችን ተቀመጡ።

አቀስታ

መንገዱ ዳር ገብሱ ገና አልታጨደም፤ ጉሙ ከላዩ አልተነሳም። አቀስታ ስንደርስ ለቁርስ ወረድን። ፊት ለፊታችን ሜዳ ቦታ እያለ ሰይድ መኪናውን ቁልቁለት ላይ አቆመው። ለምን? ትኩስ ሽሮ ቀረበልን፤ እኔ ግን ዓይኔን ከመኪናው አላነሳሁም።

በልተን ስንመለስ አንድ የጭነት መኪና ከፊታችን ቆሞ መውጫችንን ዘግቶታል። ሰይድ ቁልፉን አዞረ። ጠቅ። ደገመ። ጠቅ።

«ይኼስ እንደ ሟቹ ባሌ ነው» አሉ እማማ ዘሃራ። «ሲያሻው አቤት፣ ሳያሻው ጭጭ!»

ሰይድ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ግራ ቀኙን አየና ጀርባውን ሰጥቶን ክንዱን እስከ ክርኑ አስገባ። ተመልሶ ቁልፉን ሲያዞረው ተነሳ። ምን እንዳደረገ ልጠይቀው ፈለግሁ፤ ግን አፈርኩ። እማማ ዘሃራ ጠየቁልኝ።

«ምኑን ነካህለት አንተ?»

«ምንም፤ በቢስሚላህ ነው የተነሳው።»

ታዲያ ክንዱ ለምን ግራሶ ሆነ? በልቤ ነው ያልኩት።

ቆየት ብሎ ደምሴ ደወለ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ በሹክሹክታ «ዘወር ብሎ የሆነ ነገር ነካ» አልኩት።

«ብዬ ነበር! ደሴ ስትገቡ ቁልፉን ተቀበይው።»

ጉጉፍቱ

ጉጉፍቱ ዳገቱ ላይ የበግ መንጋ መንገዱን ሞላው። ስንቆም ሞተሩ ጠፋ። ጠቅ። ሰይድ ሲወርድ እኔም ተከትዬው ወረድኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል።

«እህቴ፣ ግቢ፣ ብርድ ነው።»

አልገባም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ጥቂት አየኝና ከኮፈኑ ዘወር አለልኝ።

«እሺ፣ ራስሽ እጅሽን ስደጂ። ወደ ማስነሻው፣ ወደ ሞተሪኖው የምትወርደው ቀጭን ሽቦ ናት። ተበልታለች። ገፋ ሲያደርጓት ትገናኝና መኪናው ይነሳል።»

«ለምን አልነገርከንም?» ከመካነ ሰላም ከወጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገርኩት ያኔ ነው።

«ወንድምሽ ገና ድሮ ጠርጥሮኛል። ቦታውን ካሳየሁ የቆረጥከው አንተ ነህ ይለኛል። መካኒኩ ያግኘው ብዬ ነው። እስከዚያው ተንከባሎ እንዲነሳ ቁልቁለት ላይ አቆመዋለሁ።»

አላመንኩትም። የቆረጠ ሰው ነው የተቆረጠበትን የሚያውቀው። እጄን ሰደድኩ፤ ጣቴ ለስላሳ ነገር ነካ። ጎትቼ ሳወጣው ጥቁርና ነጭ የበግ ፀጉር ነው። ክሩን አወቅሁት፤ የእናቴን ባና የፈተልኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ የተቦጨቀ ፀጉር፣ የገብስ ገለባ፣ የአይጥ ኩስ ነበረ። ሽቦውን ቀና አድርጌ አየሁት። ቢላ ያረፈበት ክርና አይጥ የበላው ክር አንድ አይደሉም፤ ፈታይ ይህን ታውቃለች። ሽቦው የጥርስ ሥራ ነበር።

እማማ ዘሃራ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው የያዝኩትን አዩ።

«ያ ረቢ! ለአይጢቱ ባና አንጥፋችሁ ሰውየውን ልታባርሩት ነበር?»

ሰይድ አልሳቀም። ሽቦውን ገፋ አደረገና መኪናውን አስነሳው።

ደሴ

መካኒኩ የአይጧን ጎጆ ጠርጎ አዲስ ሽቦ ሲዘረጋ ደምሴ ደወለ።

«ቁልፉን ተቀበልሽው?»

«አልቀበለውም!» ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፊቴ ጋለ፤ ግን አላቆምኩም። «ሽቦውን አይጥ ናት የበላችው። ከእማዬ ባና በቦጨቀችው ፀጉር ነው ጎጆ የሠራችው። ሰይድ ምንም አላደረገም። ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ ነህ።»

«ስልኩን ለሰይድ ስጪው» አለኝ።

ወደ ቤት

በማግስቱ ስንመለስ አቀስታ ላይ ሰይድ ሜዳው ላይ አቆመ። እኔም ወደ መኪናው ሳላይ ሽሮዬን በደንብ በላሁ።

ቤት የገባነው ሲመሽ ነው። መንገዱን ሙሉ የሰው እጅ ስጠብቅ፣ ማታ ማታ ዓይኔ ሥር ሞተሩ ላይ የሚደረበውን የቤታችንን ባና አንድም ቀን አላየሁትም ነበር። እናቴ እንደ ልማዷ ባናውን ታቅፋ ወደ መኪናው መጣች። ከእጇ ተቀበልኳትና በስስ ጃኬት ወደ ተከራየበት ቤት መሄድ የጀመረውን ሰይድን ጠራሁት።

«ይኸው፣ ደርበው። ውርጭ ነው።»

ባናውን ዘርግቶ የተበላውን ቀዳዳ አየና ሳቀ። «አይጧስ?»

«እሷማ ደሴ ቀረች» አልኩት።