የበለጥሽ ዶልፊንና የተቃጠለው ሰብዉፈር

የሙዝ ነጋዴዋ በለጥሽ ላንቴ ላይ ከገበሬ ሙዝ ስትረከብ መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ የምትወጣው ራሷ ነበረች። ጤና ጣቢያ ተመዝና ኪሎዋን ታውቃለች። ሚዛኑ ከዚያ ቢቀንስ ወይም ቢጨምር አንድ ዘለላ እንኳ አታስጭንም። ባሏ ሞቶ ሁለት ልጆች ይዛ ከቀረች ወዲህ የኖረችው እንዲህ ነው። ከሰው ቃል በፊት የሰውን እጅ ታያለች።

በ2003 ዓ.ም. ያገለገለ ዶልፊን ሚኒባስ ገዛች። በአዘቦት ቀን ከአርባ ምንጭ ላንቴ ሰው ያመላልሳል፤ በሰርግ ወቅት ሙሽራና ሚዜ ይጭናል። ሹፌሩ የእህቷ ልጅ ማቴዎስ ነው።

በወሩ ማቴዎስ አንገቱን ደፋ አድርጎ መጣ። "አክስቴ፣ ሰርገኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው 'ቤዝ አለው ወይ?' ብሎ ነው። የኛ ቴፕ ከሞተሩ በላይ አይሰማም።"

ለራሱ መዝናኛ ፈልጎ ይሆናል ብላ ጠረጠረችው። ሁለት ቅዳሜ መናኸሪያው አካባቢ ቆማ ሰርገኛው ወደየትኛው መኪና እንደሚሄድ ስታይ ግን ማቴዎስ እውነቱን እንደሆነ ገባት። የባሏ ታላቅ ወንድም ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ ሲሄዱ ዕቃውን እንዲያመጡላት ለመነቻቸው። ሦስት ካርቶን ይዘው መጡ፤ አንዱ ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር፣ አንዱ ሁለት የበር ስፒከር፣ አንዱ ደግሞ ቤዙን የሚያወጣ ትልቅ ሰብዉፈር። የአምፕሊፋየሩ ካርቶን ላይ በቀይ "1200 ዋት" ተብሎ ተጽፏል።

በአርባ ምንጭ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ውስጥ፣ የመኪና ድምፅ የሚያስተካክል ጌታነህ የሚባል ሰው አለ። አባቱ ከጎጃም በመምህርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። በለጥሽ ዕቃውን ለእሱ ከማስረከቧ በፊት የልጇን የጥፍር ቀለም ወስዳ በሰብዉፈሩና በስፒከሮቹ ጀርባ፣ ማግኔቱ ላይ፣ ቀይ ነጥብ ነጥብ አደረገችባቸው። ቢቀየሩባት ታውቃለች።

ጌታነህ ወንበር ነቅሎ ሽቦ ሲዘረጋ አጠገቡ ቁጭ አለች።

"እትዬ በለጥሽ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው። ሻይ ቤት አረፍ ቢሉ፣ ሲያልቅ እጠራዎታለሁ።"

"እዚሁ ይመቸኛል" አለች። ለምን ሊያርቀኝ ፈለገ? ብላ በመጠርጠር ሥራው እስኪያልቅ ዓይኗን ከእጁ ላይ አልነቀለችም።

ድምፁ ሲከፈት የመኪናው መስታወት ተንቀጠቀጠ። ማቴዎስ ደስ ብሎት ሳቀ።

በጥር አጋማሽ ማቴዎስ ከጨንቻ ሙሽራ ይዞ የዶርዜን ቁልቁለት ሲወርድ ዘፈኑ መጀመሪያ ተሰባበረ፣ ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ ከዚያ ቤዙ ጭራሽ ጠፋ። በማግስቱ በለጥሽ ሰብዉፈሩን አስነቅላ ገለበጠችው። ቀይ ነጥቧ የለም። የበሮቹን ስፒከሮች አየች፤ የእነሱ አለ።

"ማቴዎስ፣ ይሄ መኪና እኔ በሌለሁበት ጌታነህ ጋ ቆሟል?"

ማቴዎስ ዓይኑን ሰበረ። "የኋላ መብራት ተበላሽቶ ግማሽ ቀን ትቼለት ነበር። እንዳትቆጪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።"

ሁለቱንም ጠረጠረች። ምናልባት ተስማምተው ይሆናል። መጀመሪያ ግን ወደ መናኸሪያ ሄዳ ለሁለት ባለመኪናዎች፣ ለጉታና ለካሱ፣ "ጌታነህ ዕቃ ይቀይራል፤ ተጠንቀቁ" አለቻቸው። ከዚያ ወደ ላይኛው ከተማ ሴቻ ወጥታ ያገለገለ ስፒከር የሚሸጥበት ሱቅ ገባችና እያንዳንዱን ገለበጠች።

"ምን ፈልገው ነው?" አላት ባለሱቁ።

"ቀይ ነገር።"

የእሷን የሚመስል አንድ ሰብዉፈር አገኘች። ምልክት የለውም። የሰረቀ ሰው መቼም ምልክት አይተውም ብላ ስታስብ ጥርጣሬዋ ይብሱን ጠነከረ።

ጌታነህ ዘንድ በንዴት ገባች። እሱ ግን ቀድሞ አምፕሊፋየሩን ከማቴዎስ ተቀብሎ ከፍቶታል።

"ይቀመጡ" አለ። "ይሄ ፊዩዝ ስንት ይላል?"

"አሥራ አምስት።"

"አሥራ አምስት አምፔር ማለት ነው፤ ባትሪው ደግሞ አሥራ ሁለት ቮልት ነው። ያባዙት።"

በለጥሽ ለሂሳብ ወረቀት አያስፈልጋትም። "መቶ ሰማንያ።"

"ከዚያ በላይ እየሳበ ከቆየ ፊዩዙ ይቀልጣል። መቶ ሰማንያ ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ማቴዎስ አልበቃ ሲለው ድምፁን ይጨምራል፤ አምፑ ከአቅሙ በላይ ሲጮህ ድምፁ ይሰባበራል። የተሰባበረ ድምፅ ስፒከር ያቃጥላል።" ፊዩዙን አስቀመጠ። "ሌላም አለ። ሰብዉፈሩ ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ፤ እያንዳንዱ አራት ኦም። ጎን ለጎን ስላሰርኳቸው ሁለት ኦም ሆኑ። ይሄ አምፕ ደግሞ ለአንድ ሰብዉፈር ሲታሰር ከአራት በታች አይችልም፤ ኦሙ ባነሰ ቁጥር ብዙ ኤሌክትሪክ ይሳብበታል። ካርቶኑ ይችላል ስላለኝ አመንኩት። ውስጡን ከፍቼ ማየት ነበረብኝ። ይሄ የኔ ጥፋት ነው።"

በለጥሽ ለአፍታ ግራ ገባት። ትንሹን ጥፋት ያመነው ትልቁን ሊደብቅ ይሆናል ብላ አሰበች።

"ቀይ ነጥቤስ?"

"የምን ነጥብ?"

ነገረችው። ጌታነህ ግንባሩን አሻሸ። "የኋላ መብራቱን ስሠራ ሰብዉፈሩን ወንበሩ ሥር የሞተር ዘይት ፈሶበት አገኘሁት። አውጥቼ በቀለም ማሟሟያው፣ በቲነር፣ ጠረግኩት።"

ተነስታ ወጣች። ከጎረቤቷ አናጢ ጥቂት ቲነር ለመነች፤ ድስት ክዳን ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጋ እስኪደርቅ ጠበቀችና በጨርቅ አሸችው። ሙልጭ ብሎ ጠፋ። ማቴዎስን ጠርታ ስለ ዘይቱ ጠየቀችው። ጀሪካን እንደገለበጠ አመነ።

አሁን የቀሩት ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው። ግቢያቸው ማንጎ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"ጋሼ፣ ዕቃውን ሲገዙ ካርቶኑ ታሽጎ ነበር?"

ሽማግሌው መለሱ። "ዓይኔን ታውቂዋለሽ። ሻጩ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ጥሩ ዕቃ መሰለኝ። ተበላሸ እንዴ?"

ዓይኑ የደከመን ሰው ለዚህ መላኳ ስህተት እንደነበር ያን ጊዜ ተሰማት። "ኧረ ደህና ነው" አለች። "ይጮኻል።"

ጌታነህ ከመደርደሪያው አነስ ያለ፣ አንድ ጥቅል ብቻ ያለው ሰብዉፈር አውርዶ የእጅ ዋጋ ሳይጠይቅ ገጠመላት። መጀመሪያ ግን የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ፊት ለፊቷ አስቀምጦ ለካው።

"ሦስት ነጥብ ስድስት ይላል። አራት ነው አላልክም?"

"በቴስተር ሲለካ ትንሽ ይቀንሳል። አራቱ እሱ ነው።"

ሌላ ሁለት አስወርዳ አስለካችው፤ እነሱም ትንሽ ቀነሱ። ከዚያ በኋላ እንዲገጥመው ፈቀደች። ጌታነህ የአምፑን ጉልበት ዝቅ አድርጎ ድምፁን ከፈተው። እንደ በፊቱ መስታወት አያንቀጠቅጥም፤ ግን እያንዳንዱ ከበሮ ለየብቻው ይሰማል።

ከፋሲካ በኋላ ሰርገኛው መጣ። የጌታነህ በር ላይ ግን እንደ ድሮው መኪና አልተሰለፈም። በለጥሽ ነገሩ ከማን አፍ እንደወጣ ታውቃለች። አንድ ጠዋት መናኸሪያ ሄዳ ጉታንና ካሱን አንድ ላይ አገኘቻቸው።

"ስለ ጌታነህ ያልኳችሁ ስህተት ነው። አልቀየረብኝም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ካሱ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ በሳምንቱም ሚኒባሱን ለጌታነህ ሰጠ። ጉታ ግን ከላይ እስከ ታች አያት።

"ምን ሰጥቶሽ ነው?" አላት።

በለጥሽ ስለ ኦሙም፣ ስለ ፊዩዙም፣ ስለ ቲነሩም አንድ በአንድ ነገረችው። ጉታ እስክትጨርስ በትዕግሥት ሰማትና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ጌታነህ ዘንድ ዳግመኛ አልሄደም።