በቀኝዎ ቀይ ጣሪያ

ባለቤቴ ሃያ ስድስት ዓመት ጀልባ ላይ ቆሞ ሲለፈልፍ ኖሯል። ሥራው ነው። እኔ መሪ እይዛለሁ፣ እሱ ማይክሮፎን ይይዛል፤ የወደቡ ሰው «ሬዲዮ» ነው የሚለው። ከተማችን የመጣ እንግዳ ያለው አንዲት ሰዓት ብቻ ከሆነች ሌላ ቦታ አይልከስከስ፤ ከእኛ ጋር ይሳፈር። ሦስቱን ድልድዮች፣ ቀይ ጣሪያ ያለውን አሮጌ ወፍጮ ቤት፣ የዓሣ ገበያውን ደረጃ ያያል። ወንዙ መሀል ባለችው ደሴት ላይ ወርዶ ሩብ ሰዓት እግሩን ያፍታታል፤ መዋኘት ያማረውም ይዋኛል።

ትልቁ ድልድይ ሥር ስንደርስ ሬዲዮ፣ «እዚህ የተሳሳሙ ሰባት ዓመት አይጣሉም። እኔና ባለቤቴ አልሞከርነውም፤ ይኸው በየቀኑ እንጣላለን» ይላል። ሰው ይስቃል። እኔ በቀን አራት ጊዜ እየሰማሁት አንድም ቀን ስቄለት አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ጀልባዋን ቀለም ልናስቀባ ለሳምንት ከውኃ አወጣናት። ሰኞ ሥራ ጀመርን። ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ ፍጥነት ስቀንስ፣ «በቀኝዎ ቀይ ጣሪያ ይታያል፤ ሦስት ትውልድ እህሉን ያስፈጨበት ወፍጮ ቤት ነው» አለ።

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ቀኝ ዞረ። ወፍጮ ቤት የለም። እኛ በሌለንበት ሳምንት አፍርሰውት ኖሯል፤ የቀረው የጡብ ክምርና አንድ ቡልዶዘር ነው። ሰዉ ቀልድ መስሎት በሳቅ ፈነዳ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ግን በምን እንደሚስቁ አልገባውም። ሳቁን አውቀዋለሁ። ይህ የልቡ ሳቅ አልነበረም።

ሰዉ ወርዶ ካለቀ በኋላ አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ገመዱን የሚያስረው በዳበሳ ነው።

«ምን ያህል ነው የማይታይህ?»

«ጥላ ጥላ ነው የሚታየኝ» አለ። «ሐኪሙም አይመለስም ብሎኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

ድልድዮቹን በሞተሩ ድምፅ ማስተጋባት፣ ገበያውን በዓሣው ሽታ፣ ወፍጮ ቤቱን ደግሞ እኔ ፍጥነት ስቀንስ ነበር የሚያውቃቸው። «አንድ ትራስ ላይ እየተኛን!» ብዬ ጮህኩበት።

«የወደቡ ቢሮ ከሰማ ማይክሮፎኑን ይቀማኛል» አለ። «ከዚያስ? ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ልጠብቅ?» በጣም አዘንኩለት። ግን ደሴቷ ላይ የሚዋኙትን የሚጠብቀው እሱ ነው።

«አንድ ሰው ቢሰምጥ ማን ሊያየው ነው?» አልኩት። «ሐሙስ የወደቡ ቢሮ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ወይ አንተ ትነግረዋለህ፣ ወይ እኔ እነግረዋለሁ። እኔ እንደሆንኩ ውሸት አይሆንልኝም፤ ፊቴ ያሳብቅብኛል።»

ሐሙስ ተቆጣጣሪው ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባለቤቴ እስከ መታጠፊያው አንዲት ቃል አልሳተም። ፍጥነት ስቀንስ ግን ዝም አለ። ሬዲዮ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም።

«በቀኝዎ ባዶ ቦታ አለ» አለ በመጨረሻ። «የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ለእኔ አሁንም ቀዩ ጣሪያ ነው የሚታየኝ። ዓይኔ ደክሟል፤ ሁለት ዓመት ደብቄያለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ማንም አልሳቀም። ስንመለስ ተቆጣጣሪው የጀልባ ሠራተኛነት መታወቂያውን ተቀበለው፤ ገመዱንና ዋናተኞቹን ሌላ ሰው ይያዝ አለ።

«ማይክሮፎኑስ?» አልኩት፣ ጠብ ጠብ እያለኝ።

ደብተሩን አገላበጠ፣ አገላበጠና፣ «ለመናገር ዓይን ያስፈልጋል የሚል ደንብ የለንም» አለ።

ገመዱን አሁን እህቴ ይዛዋለች። ዋናተኞቹ ላይ ስትጮህ ድምፅዋ ማዶ ድረስ ይሰማል፤ ሬዲዮ፣ «ተፎካካሪ አመጣችሁብኝ» ይላል።

ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይመጣ ባዶዋን ጀልባ ይዘን እንወጣለን። እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እነግረዋለሁ፤ የትኛው ቤት ቀለም እንደተቀየረ፣ የትኛው ዛፍ እንደተቆረጠ። ለካ እኔም ሃያ ስድስት ዓመት ፊት ለፊቴን ውኃ ውኃውን ብቻ ሳይ ከተማዬን አላየኋትም።

በቀደም ትልቁ ድልድይ ሥር ስንደርስ፣ «አንቺስ?» አለኝ።

«እኔ ምን?»

«አንቺ ላይ የተለወጠ ነገር አለ?»

እሱ ማየት ካቆመ ወዲህ ከሻሼ ሥር ፀጉሬ ጥጥ መስሏል፤ ፊቴም ተሸብሽቧል።

«ምንም» አልኩት። «ያው የድሮዬ ነኝ።»

«አውቄ ነበር» አለ፣ ደስ ብሎት። ፊቴን ስለማያይ አመነኝ።