ገመዱን ሳላይ አልሳፈርም

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ማይክሮፎን ነው እንጂ መሪ አልነበረም። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ዳውንታውን አትላንታ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። በመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ለሰው የምለው “ቲኬትዎን” እና “መልካም ቀን” ብቻ ነበር። የሁለት ቫን ባለቤት የሆነው አዲሱ አለቃዬ ተፈራ መሪውን ራሱ ይዞ እኔን ጎኑ አስቀመጠኝ።

“መንዳትማ ሁሉም ይነዳል። እስቲ አውሪ” አለኝ።

“ምን ላውራ?”

“ያየሽውን።”

ከኋላችን አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጧል። አትላንታ አጠገብ ካለው ከሊልበርን ተነስተን ሃይዌዩ ላይ እስክንወጣ ድረስ ድምፄ እምቢ አለ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ከኋላ ወንበር፣ “ልጄ፣ ሬዲዮኑ ተበላሽቶ ነው?” አሉ። ቫኑ ሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ቀን በቀር ዝም ያልኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ተሳፋሪዎቻችን በብዛት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ ወላጆች ናቸው። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ስለሚሆኑ፣ ወላጆች ቴሌቪዥን ሲያዩ ከርመው ቅዳሜ ሲደርስ ወደ እኛ ይመጣሉ። እኛም ቻታኑጋ ወደምትባል ከተማ እንወስዳቸዋለን፤ ሁለት ሰዓት ያህል ያስነዳል። ከከተማዋ ጥግ ባለው ተራራ ላይ በገመድ የሚጎተት፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሠራ ባቡር አለ። ሁለት ፉርጎዎች አሉት፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ መሀል ላይ ይተላለፋሉ። ላይኛው ጫፍ አካባቢ ሐዲዱ ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል ነው የሚመስለው። አናቱ ላይ በረንዳ አለ። ከዚያ ላይ ከተማው፣ ወንዙና ድልድዮቹ ከእግር በታች ይታያሉ።

ታሪኩን ያስተማረኝ ሰው የለም። ብሮሹሩን ስልኬ ላይ ባለው መዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ነው ያነበብኩት። የቀረውን ቲኬት ከምትሸጠው ሴት በየጉዞው አንድ አንድ ጥያቄ እየጠየቅኩ ለቀምኩት። አንድ ቀን ጥያቄዬን ሳልጠይቃት ሳልፍ፣ “ዛሬ ምን ሆነሻል?” ብላ ጠራችኝ።

መጀመሪያ አካባቢ የሠራሁት ስህተት እስከ ዛሬ ያስቀኛል። የፉርጎው ወንበሮች እንደ ደረጃ የተደረደሩ ናቸው። እኔም በአገራችን ወግ ከፍ ያለው ቦታ ለትልቅ ሰው ነው ብዬ አዛውንቶቹን ከላይኛው ረድፍ፣ ወጣቶቹን ከታችኛው አስቀመጥኩ። ለካ ወንበሮቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ታች፣ ወደ ከተማው ነው ያዞሩት። ወጣቶቹ መስታወቱ ሥር ሆነው ሲዝናኑ፣ ያከበርኳቸው አዛውንቶች የሰው ማጅራት እያዩ ተራራውን ጨረሱ። አንዷ እናት ሲወርዱ፣ “እጅግ ደስ ይላል፤ የልጄ ፀጉር መሳሳቱን ዛሬ አየሁ” አሉኝ።

ተፈራ ጥብቅ ሰው ነው። ቀበቶ ሳይታሰር ሞተር አይነሳም። ሰው በወረደበት ሁሉ ይቆጠራል። ከሁሉም በላይ የሚያጠብቀው ግን ግሩፑን ስፕሊት ማድረግ፣ ሰውን ለሁለት መክፈል፣ ክልክል ነው የሚለውን ነው። አንድ ሹፌር ነዳጅ ማደያ ላይ አንዲት እናት ረስቶበት ያውቃል። በሁለተኛው ዓመቴ የተራራውን መንገድ ለብቻዬ ሲሰጠኝ፣ “አንድ ኮምፕሌይን፣ አንድ ቅሬታ ከመጣ ለሌላ ሹፌር እሰጠዋለሁ” አለኝ። እኔ ደግሞ ያንን መንገድ እወደው ነበር።

ጋሽ ሙሉነህ የመጡት በዚያው ዓመት ነው። ልጃቸው ሰብለ ኢስት ፖይንት እየኖረች ኤርፖርት ትሠራለች። አባቷ ሦስት ወር ቆይተው በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አገር ቤት ሊመለሱ ነው። ሰብለ በስንት ልመና አንድ ቅዳሜ ኦፍ ወስዳ ይዛቸው መጣች። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ደረት ኪሳቸው ላይ እስክሪብቶ ሰክተዋል።

ታችኛው ጣቢያ ደርሰን ቲኬት ገዛሁ፤ ፉርጎውም መጣ። ጋሽ ሙሉነህ ግን ሐዲዱ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ገመዱን ያያሉ።

“ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ” አልኳቸው።

“ገመዱን ሳላይ አልሳፈርም።”

“እያዩት አይደል?”

“ይሄማ ጫፉ ነው። የሚጠመጠምበትን ነው የምልሽ። ማሽኑ የት ነው?”

“ላይ ነው።”

“እንግዲያው ላይ እንሂድ።”

“ላይ የሚወስደን እኮ ይሄው ባቡር ነው፣ ጋሼ።”

“እሱን ካየሁ በኋላ።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ አሰለፈች የሚባሉ፣ አፋቸው የማያርፍ ሴት ወንበር ይዘው ተቀምጠው፣ “እኔ በዚህ ጉልበቴ ገብቼ እርስዎ ይፈራሉ? ኧረ ባርኔጣውን ለእኔ ይስጡኝ!” አሉ።

ሰብለ ፊቷ ቀላ። “አባዬ፣ በፈጠረህ! ሰው እያየን ነው። ስንት ቀን ለምኜ እኮ ነው የመጣሁት።”

ጋሽ ሙሉነህ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙ።

እኔ የሚፈራ ሰው አውቃለሁ። የሚፈራ ሰው ተራራውን ነው የሚያየው፤ አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ምራቁን ይውጣል። እሳቸው ቀና ብለው ተራራውን አንዴም አላዩትም። ዓይናቸው ገመዱና ሐዲዱ ላይ ነው።

ሠራተኛው በሩን ሊዘጋ እጁን አነሳ። ቲኬቶቹን ለሰብለ ሰጠኋት። “አሥር ናችሁ። ስትደርሱ ቁጠሪና በረንዳው ላይ ጠብቁኝ። እኔና ጋሼ በመኪና መንገድ እንመጣለን።”

“ትተሽን?” አሉ እትዬ አሰለፈች፤ በሩ ተዘጋ።

የመኪናው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። እኔና እሳቸው ብቻ ነን። የመጀመሪያውን ኩርባ እንዳለፍን ራሳቸው ጀመሩ።

“ድሬዳዋ የባቡር ጥገና ነበርኩ። ፍሬን ነው የማየው። እኔ ሳልፈርም ባቡር አይነሳም። ተሳፋሪው ይሰድበኛል፣ አለቃው ይጮህብኛል፤ ሳላይ ግን አልፈርምም።”

“አንድም ቀን?”

“አንድ ቀን” አሉ። “አለቃዬ ቸኮለ፣ ሳላይ ፈረምኩ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ አልያዘም። ሰው አልሞተም። የሥራ ጓደኛዬ ግን እግሩን አጣ።”

“ሰብለ ታውቃለች?”

“ያኔ ልጅ ነበረች። ሳልነግራት አደገች፤ ከዚያ የዲቪ ሎተሪ ደርሷት ወደዚህ መጣች። በስልክ የሚወራ ነገር አይደለም።”

ላይኛው ጣቢያ ማሽኑ በመስታወት ይታያል። ሁለት ትልልቅ መንኮራኩሮች ገመዱን እየሳቡ ይዞራሉ። ጋሽ ሙሉነህ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። እኔም በሩን አንኳኳሁ። ጓንት ያደረገ፣ ጢሙ የሸበተ መካኒክ ወጣ። “እንግዳዬ የባቡር ፍሬን ባለሙያ ናቸው። ገመዱን ካላየሁ አልሳፈርም ብለው ነው” አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ጋሽ ሙሉነህን ከእግር እስከ ራሳቸው አየና፣ “እኔም ብሆን አልሳፈርም” ብሎ ወለሉ ላይ እስከተሰመረው ቢጫ መስመር ድረስ አስገባን።

አስተርጓሚነቴ ሁለት ደቂቃ አልቆየም። ጋሼ የሚጠይቁትን ዕቃ ስም እኔ በእንግሊዝኛ ቀርቶ በአማርኛም አላውቀው። ትተውኝ በእጃቸው ገቡበት። ጋሼ በሁለት ጣታቸው ገመድ የመበጠስ ምልክት አሳዩ፤ ሰውዬው ሁለት መዳፉን እንደ ጉጠት አድርጎ አየር ላይ ግጥም አደረገ። ፍሬኑ ከፉርጎው ሥር ሆኖ ሐዲዱን ይነክሳል ማለቱ ነው። ጋሼ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ማን ነው የሚያየው ብለው ዓይናቸውን ጠቆሙ። መካኒኩ ደረቱን ነካ፣ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ምሥራቅ፣ ፀሐይ ወደምትወጣበት አመለከተ። በየጠዋቱ ማለት ነው። ከመደርደሪያ አንድ ያለቀ የፍሬን ብረት አውርዶ ሰጣቸው። በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

“ተበልቷል” አሉ። “በጊዜ ነው ያወጣው።”

ሰብለ ስትፈልገን መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። “አባዬ፣ በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?”

“በፍሬን።”

አልሳቀችም። የአባቷን እጆች ነበር የምታየው። “ይሄን ሁሉ ታውቃለህ?”

“ሥራዬ ነበር” አሉ። ብረቱን ለመካኒኩ መለሱ፣ ጨበጡት፣ ባርኔጣቸውን አጠለቁ። “አሁን ልሳፈር። አጠገቤ ተቀመጪ፣ የምነግርሽ ነገር አለ።”

በረንዳው ላይ ቆመን ከተማውን አየን፤ እኔም ያቋረጥኩትን ወሬዬን ጨረስኩ። ሲወርዱ ጋሽ ሙሉነህና ሰብለ የታችኛውን ረድፍ ያዙ። እኔ ቫኑን ማውረድ ስላለብኝ ከላይ ሆኜ ሸኘኋቸው። ታች ስንገናኝ ሰብለ ዓይኗ ቀልቷል፤ ክንዷ ግን በአባቷ ክንድ ውስጥ ነበር። ምን እንዳሏት አልጠየቅኩም። መንገዱን ሙሉ ማይክሮፎኑን አጥፍቼ ነዳሁ፤ ከኋላ የሚወራው ወሬ ከእኔ ወሬ ይበልጥ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ተፈራ ደወለ። እትዬ አሰለፈች ያለ አስጎብኚ ፀሐይ ላይ ተገትረን ዋልን ብለው ከስሰውኛል።

“ግሩፑን ስፕሊት አድርገሻል?”

“አድርጌያለሁ።” የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

“ጥሩ አድርገሻል” አለ፤ ቀጠለና፣ “ሩሉ ግን ሩል ነው። ወር ሙሉ ኤርፖርት ትመላለሻለሽ።”

አልተከራከርኩም። ከአሥሩ አንዱ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ምን እል ነበር? ወሩን ሙሉ ሻንጣ ሳወጣና ሳወርድ ከረምኩ። መንገዴ ሲመለስልኝ ግን አንድ ነገር ቀየርኩ። እንግዶቼ ላይኛው ጣቢያ ሲደርሱ ከበረንዳው በፊት ማሽኑን አሳያለሁ፤ ታች ሳለንም ገመዱን ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚያየው እናገራለሁ። ይህን መናገር ከጀመርኩ ወዲህ ሐዲዱ አጠገብ የቀረብኝ ሰው የለም።

ዘንድሮ ቁልፉን አስረክቤያለሁ። ቫኑን ለምትረከቡ ለእናንተ ለአዲሶቹ ሹፌሮች የምለው አጭር ነው። አልሳፈርም ያለ ሰው ሁሉ ፈርቶ አይደለም። መጀመሪያ ምን ማየት እንደሚፈልግ ጠይቁት፤ ሰዓታችሁን ከዚያ በኋላ እዩ። ቅጣት ከመጣም ተቀበሉ።