ሁለተኛ ማርሽ ላይ የቀረችው ፒክአፕ

ሲይዙኝ ሆሳዕና ከተማ፣ ቴክኒክ ኮሌጃችን ወርክሾፕ ውስጥ ነበርኩ፤ እጄ እስከ ክርኔ ግሪስ ነው። ፖሊሱ ካቴናውን አውጥቶ አየኝና «መጀመሪያ ታጠቢ» አለኝ። አዝኖልኝ አይደለም፤ ካቴናው እንዳይቆሽሽ ነው። ጥፋቴ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ ተነስቼ «የታሰሩት ጓደኞቻችን የት ናቸው?» ብዬ መጠየቄ ነበር። መልሱን በእግሬ ሄጄ አገኘሁት።

የሴቶቹ ክፍል ጠባብ ነበር። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፣ ጥግ ያለው ባልዲ ይሸታል። ሁለት ሴቶች አገኘሁ። አንደኛዋ ነጋዴዎች አድማ በመቱበት ቀን ሱቃቸውን የዘጉ ጉራጌ እናት ናቸው፤ እማማ እንላቸዋለን። ሌላዋ የሺንሺቾ መምህርት ናት። ብዙ ስለማትበልጠኝ «አንቺ በይኝ» ብላኝ ነበር፤ ቲቸር የሚለውን ግን አልተውኩም።

የቲቸር ክስ ከበድ ይላል። ሺንሺቾ በተደረገ ስብሰባ መድረክ ወጥታ ተናግራለች ይላሉ። እሷ ደግሞ ያን ጠዋት ከሆሳዕና የተሳፈረችባት አሮጌ ፒክአፕ ካምቢዮዋ ተበላሽቶ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ስለቀረች፣ ስትደርስ ስብሰባው ተበትኖ ነበር ትላለች። መርማሪው አላመናትም። «በጋሪም ቢሆን ይደረስ ነበር» ብሏታል። ዛሬ ከሰዓት እንደገና ሊጠይቃት ነው።

«አንቺ አውቶ አይደል የምትማሪው?» አለችኝ። «ፍጥነቷን አውጪልኝ እስቲ።»

ደስ አለኝ፤ ምን ልደብቅ። ከታሰርኩ ወዲህ ስለማውቀው ነገር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ፒክአፗም ኮሌጅ ከምንማርባት ጋር አንድ ዓይነት ናት። በሳሙና ስባሪ ወለሉ ላይ ጻፍኩ። ሞተሩ እንዳይግል ሾፌሩ በደቂቃ ከሁለት ሺህ ዙር አላለፈም እንበል። ሁለተኛ ማርሽ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሺህ ዙር። ጎማው አንዴ ሲዞር ሁለት ሜትር ይሄዳል። በሰዓት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር!

ቲቸር ቁጥሩ ላይ ጎንበስ አለች። «በሁለተኛ ማርሽ?»

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ልጄ፣ ይቺማ አውሮፕላን ናት። እንዲህ ከሆነ ቲቸር ስብሰባውን ከፍታ፣ ዘግታ፣ ለምሳ ሆሳዕና ተመልሳለች።»

ከካምቢዮው ቀጥሎ ዙሩን ለጎማዎቹ የሚያደርሰውን ዲፈረንሻል ረስቼዋለሁ። ኮሌጅ ውስጥ ካምቢዮው ከመኪናው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ከእሱ ወዲያ ምንም የለም። ለእኛ ክፍል ልጆች መኪና እዚያ ጋ ያልቃል። ሺሁን ዙር ዲፈረንሻሉ እንደገና ለአራት ሲከፍለው ጎማው ጋ የሚደርሰው ሁለት መቶ ሃምሳ ብቻ ነው። የቀረውን ቲቸር ራሷ አባዛችው።

«ሠላሳ» አለች። «ያውም በሜዳ። በዚህ ፍጥነት ስብሰባው ሳይበተን አይደረስም።»

ከሰዓት ወሰዷት። ስሌቱን ነግራው መሆን አለበት፣ እሷ ሳትመለስ እኔን ጠሩኝ። መርማሪው ዓይኑ ቀልቷል፣ ሻዩ ፊቱ ቀዝቅዟል። አልጮኸም።

«ነገ የሲኦሲ ፈተና አለሽ አሉ።»

«አለኝ።» ያለዚያ የሙያ ብቃት ፈተና የሚቀጥር ጋራዥ የለም።

«ይቺ መኪና ሾፌሩ ነዳጅ ቢሰጣት ስድሳ አትሄድም?»

«ለትንሽ ትሄዳለች። ከዚያ ሞተሩ ይግልና ትቆማለች።»

«ትሄዳለች አልሽ አይደል? እሷኑ ብቻ ጻፊና ወደ ቤትሽ።»

ወረቀቱን ገፋልኝ። ፈተናውን እፈልገው ነበር። እናቴንም እፈልጋት ነበር። እንቅልፍ ከጠገብኩ ቆይቻለሁ። እስክሪብቶውን አነሳሁና «አሮጌ ሞተር ሺንሺቾ ድረስ በስድሳ አይዘልቅም፤ ሠላሳ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ስሜን ከሥሩ አደረግኩ።

አነበበው። «ፈተናሽስ?»

«ያልፈኛል» አልኩት። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥሜ መለስኩለት።

ክፍሉ ስገባ ቲቸር ቀድማኝ ተመልሳ ነበር። እማማ ከቤታቸው የመጣውን ቆጮ ሦስት ቦታ ቆርሰዋል።

«ምን አልሽው?»

«ሠላሳ።»

ግድግዳውን ተደግፎ መቀመጥ የሚቻልበት አንድ ቦታ ነበረን፤ የእሷ ተራ ነበር። ተነስታ ለቀቀችልኝ።

ከተፈታሁ በኋላ ፈተናውን በሌላ ዙር ወስጄ አለፍኩ። ቲቸርም ተፈትታለች፤ ለምን እንደሆነ የነገራት የለም። በእኔ ስሌት ነው ብዬ ብጽፍ እንዴት ደስ ባለኝ፤ ግን አላውቅም። መርማሪውም ለምን እንዳልተቆጣኝ አላውቅም። የደከመው ይመስለኛል፤ እኔም ደክሞኝ ነበር። አንዳንዴ፣ «ስድሳ» ብዬ ወጥቼ ቢሆን ማን ያውቅብኝ ነበር እላለሁ። ቲቸር ታውቃለች። ስሌቱን አብረን ነው የሠራነው።