አብዲ የዘለለው ገጽ

ሕመሜ የጀመረው በድምፄ ነው። በጃንሆይ ዘመን ድሬዳዋ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ። አንድ ሰሞን ድምፄ ሻከረ። ብርድ ነው አልኩ፤ በድሬ ሙቀት ምን ብርድ እንዳለ እንጃ! በሦስተኛው ወር ምራቅ ስውጥ ያመኝ ጀመር። ከዚያ ደም ያለው አክታ መጣ።

ራጅ አነሱኝ፤ አክታዬን መረመሩ። የሳንባ ቲቢ ነበር። ወደ ላሪንክስ፣ ማለትም ድምፅ ወደሚወጣበት የጉሮሮ ክፍል፣ ተዛምቷል።

«በየቀኑ ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መርፌ ትወጊያለሽ» አሉኝ ዶክተሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ አንዲት ቃል እንዳትናገሪ። ሹክሹክታም ክልክል ነው።»

ሥራዬ ማውራት ነው። አመሌም ማውራት ነው። ሆስፒታል ተኛሁ፤ ዝም አልኩ።

ባሌ አብዲ የባቡር ጥገና መካኒክ ነው፤ ፈረንሳይኛ ከሥራው ላይ ለምዷል። ማታ ማታ ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ፣ ዶክተሩ እንዳዘዙት ከአልጋዬ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ያነብልኝ ጀመር። መጽሐፉ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ አለቃው የተወለት ነው፤ የሰሜን አውሮፓን የጥንት አማልክት ተረት፣ ጸሐፊው ከእናቱ እንደሰማው በራሱ አነጋገር ይተርካል። አብዲ ደግሞ የጸሐፊውን አነጋገር ወደ ድሬ አነጋገር ለወጠው። «አማልክት» ባለ ቁጥር «አስተግፊሩላህ» ይላል። ባለ መዶሻው አምላክ ፍየሎቹን አርዶ በልቶ፣ አጥንታቸውን ሰብስቦ ጠዋት ሲያስነሳቸው፣ «አቦ፣ ይሄ ሰውዬ ቀፊራ ገበያ ቢመጣ ሥጋ ሻጩን ሁሉ ያከስራል!» አለ። መሳቅም ተከልክዬ ስለነበር ትራሴን ነከስኩ።

አንድ ምሽት፣ ሁሉም የሚወደው የአንድ ወጣት አምላክ ታሪክ ላይ ደረሰ። እናቱ ብረቱን፣ ድንጋዩን፣ በሽታውን ሁሉ ልጄን አትንኩ ብላ አስማለች። አንዲት ትንሽ ተክል ብቻ፣ ምን ታደርጋለች ብላ አለፈቻት። እዚህ ላይ አብዲ ማንበቡን አቆመ። ብዙ ገጽ ባንዴ ገለጠ።

«ከዚያማ በሰላም ኖረ» አለ።

አብዲ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር አንድ በአንድ የሚያነብ ሰው ነው። በንግግር ፈንታ የምጽፍበትን ደብተር አነሳሁ። «ሞተ?» ብዬ ጻፍኩ። መጽሐፉን ከደነው። እንደገና ጻፍኩ። «ዶክተሩ ምን አሉህ?»

በአገራችን ደንብ ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም። ለእሱ ግን ነግረውታል፤ አሁን አወጣው። ግራ ሳንባዬ ተበስቷል። መርፌው አልሠራም። ተስፋው ጠባብ ነው። ሁለት ሳምንት ይዞት ዞሯል።

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ሆዴ?» አለ።

ተናደድኩ። አለቀስኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሚስቱን በሽታ የደበቀውስ ምን ይባል? ግን ቀለል አለኝ። እሱ እየቀለደ ለብቻው ሲፈራ፣ እኔም ትራስ እየነከስኩ ለብቻዬ ስፈራ ነበር። «አንብበው» ብዬ ጻፍኩ። አነበበው። ወጣቱ በዚያች ተክል ተወግቶ ሞተ። አብረን አለቀስን።

በማግስቱ ዶክተሩ አይሶኒያዚድ የሚባል ክኒን ጨመሩልኝ፤ ትኩሳቱም ቀስ በቀስ እየለቀቀኝ፣ እህልም እየጣፈጠኝ መጥቶ፣ ከብዙ ወራት በኋላ አክታዬ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። «አሁን ተናገሪ፤ ቀስ ብለሽ» ሲሉኝ «አብዲ» አልኩ፤ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ያለ መሰለ። ድምፄ እንደ ድሮው ስላልሆነ ከስልኩ አንስተው መዝገብ ክፍል አዛወሩኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዶክተሩን፣ በየቀኑ የወጉኝን ነርሶችና አብዲን አላህ ይስጥልኝ። ታማሚ ሆይ፣ ተሻለኝ ብለህ መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ። አስታማሚ ሆይ፣ ሐኪሙ ያለህን ለታማሚህ ንገረው። ቁጭ ብለህ ንገረው፤ ነግረኸውም ቶሎ አትነሳ።