በአሰገደች ጓሮ ያልታጠበ ሱፍ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ገጠር የቀረው ባሌ ሳልነግረው ሞተ። ልጆቼ አያውቁትም። የንስሐ አባቴ ፊት ጾም በገባ ቁጥር እንበረከክና ሐሜቱንም፣ ቁጣውንም፣ የተሻረውን ጾምም እዘረዝራለሁ። "ሌላስ የለሽም ወይ ልጄ?" ይሉኛል። "የለኝም አባ" እላለሁ። ንስሐ ላይ ተቀምጬ እዋሻለሁ ማለት ነው። እንግዲህ ለእሳቸው መንገር ያቃተኝን ለእናንተ ልናገረው። እናንተ አታውቁኝም፣ ዓይን ለዓይን አንተያይም። ፈሪ ሰው እንዲህ እያለ ነው የሚጀምረው።

በለጡ እባላለሁ። መሐል ሜዳ ነው የምኖረው፤ ሱፍ ፈትዬ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች እሸጣለሁ። አሰገደች የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ። እኔ በዚች ሴት ላይ በሽማግሌ ፊት በሐሰት መስክሬአለሁ። በአሰገደች ላይ፣ እኔ።

ሁለታችንም ያደግነው ጓሳ ጫፍ ባለች አንዲት መንደር ነው። ሣሩ ተከልሎ ከርሞ እጨዳው ሲፈቀድ አብረን እንወጣ ነበር። ሸክማችንን ተሸክመን ስንወርድ በየመንገዱ እያረፍን የማናማው ሰው አልነበረም፤ ከመንደሩ ሴት ሁሉ ዘግይተን የምንገባው እኛ ነበርን። እሷ ባሏ ሲሞትባት፣ እኔም እግሬ ዳገት እምቢ ሲለኝ፣ "ከተማ እንግባ" ተባባልን። ባሕር ዛፋችንን ሸጥን፤ ልጆቻችንም አገዙን። ጎን ለጎን ቦታ አገኘንና በአንድ ኮንትራክተር፣ በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ሁለት ቤቶች አሠራን። ግድግዳውን መጋራት የእሷ ሐሳብ ነበር። "ስታኮርፊኝ እንኳ ጀርባሽ ይሞቀኛል" ትለኝ ነበር።

ያ ዓመት ምንኛ ደስ ይል ነበር! ብሎኬቱ ሲደረደር ጠዋት ጠዋት ሄደን እንቆም ነበር። ለግንበኞቹ ጠላ ይዘን እንሄዳለን፤ አሰገደች "ጠማማ የሠራ ድጋሚ አይቀዳለትም" እያለች ታስቃቸዋለች። ከገባንም በኋላ ጠዋት ግድግዳውን ትደበድብና "ተነሺ፣ ፀሐይዋ ልታልቅ ነው!" ትላለች። የመንዝ ፀሐይ ከነፋስ ካልተጋረደች ዋጋ እንደሌላት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ነፋሱ የማያገኘን ቦታ ተቀምጠን እንዝርታችንን እያሾርን እስከ ምሳ እንጫወታለን። እኔ የእሷን ያህል ቀጭን ፈትል ማውጣት አልችልም፤ እሷ ደግሞ የእኔን ያህል ወሬ አታውቅም። አሁን ሳስበው ያንን ደረቅ ፀሐይ የሚያህል ነገር በሕይወቴ አላገኘሁም።

ቤቱ ግን የመጀመሪያውን ክረምት በደኅና አላለፈም። በሮቹ አብጠው አልዘጋ አሉ። ዝናቡ አባርቶ በጋ ሲገባ የጓሮው ግድግዳ በእኔም በእሷም በኩል ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ ሊሾውም ተገመሰ። ቦታው ዋልካ አፈር ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይተረተራል። ዋልካውን አልፎ አለት እስኪያገኝ ያልተቆፈረ መሠረት እንደማይቆም ከገጠር የመጣን ሴቶች እንኳ አናጣውም። ኮንትራክተሩ ግን "ቁልፍ ተረክባችሁ የለም እንዴ? ከዚያ ወዲያ ቤቱ የእናንተ ነው" አለን። ሰው ሁሉ "ኢንጂነር" ይለው ነበር፤ የት እንደተማረ የጠየቀው ግን የለም። ኋላማ ስልካችንንም ማንሳት ተወ።

መንዜ ደግሞ ሙግት አይፈራም። የእኔ አያት በአንዲት የርስት ድንበር ሲሟገቱ ነው ያረጁት፤ ሲሞቱም የተቆጩት መሞታቸውን ሳይሆን ቀጠሮ ማሳለፋቸውን ነው እየተባለ ይቀለድባቸዋል። አሰገደችም "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" አለችና እጄን ይዛ ጠበቃ ዘንድ ወሰደችኝ። ጠበቃው ልጅ እግር ነው፤ ነገሩን ቁጭ አድርጎ አስረዳን። ቁልፍ መረከባችን ሠሪውን ነፃ አያወጣውም አለ። ጉድለቱ የአሠራር ከሆነ እስከ አሥር ዓመት ይጠየቅበታል። መጀመሪያ በጽሑፍ አስጠንቅቁት፤ እምቢ ካለ ክሰሱት፤ ፍርድ ቤቱ ባለሙያ ልኮ ቤቱን ያስመረምራል፤ ከዚያ ወይ ራሱ ያድሳል፣ ወይ ሌላ ሰው ያድስና ወጪው ከእሱ ይወጣል። በሽማግሌ መሞከርም ይቻላል፤ ካልተስማማችሁና ካልፈረማችሁ የፍርድ ቤቱ በር አይዘጋም። ስንወጣ ደግሞ እንዲህ አለን፦

"ብቻ አትለያዩ። አንድ ቤት ብቻ ቢሰነጠቅ ሰበብ አይጠፋለትም። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲሰነጠቁ ግን ጥፋቱ የሠሪው ነው።"

አትለያዩ ነው ያለን። ሰምቻለሁ።

ማስጠንቀቂያው ሲደርሰው ኮንትራክተሩ ሽማግሌ ላከ። እኛም እሺ አልን፤ ሽማግሌ መናቅ ነውር ነው። ጉዱ የመጣው ከዚያ በፊት ነው።

አሁን ስለ ሱፉ ልንገራችሁ። ሱፍ የሚታጠበው ወንዝ ወርዶ ነው። አሰገደች ሁልጊዜ ወንዝ ትወርዳለች። እኔ ግን እግሬ ሲብስብኝ ከራሴ ጓሮ በበርሜል እያጠብኩ፣ ውኃውን ግድግዳው ሥር መድፋት ጀምሬ ነበር። አሰገደች አይታኝ ተቆጥታኛለች። "አንቺ ሴትዮ፣ ይኼን እጣቢ ከግድግዳው አርቂው! የእኔን አምጪ፣ ወንዝ ይዤልሽ ልውረድ" አለችኝ። እኔ ሳቅኩባት። ሱፉን በጓሮ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም።

ኮንትራክተሩ ይህን አይቷል። ለሽማግሌ ልንቀርብ ጥቂት ሲቀረን፣ አሰገደች ለኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ጠዋት መጣ። በትሕትና ነው የመጣው፤ ጓሮዬን ዞር ዞር ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"እትዬ በለጡ፣ ጉድ ያደረገዎት ይኼ ውኃ እኮ ነው" አለኝ። "ባለሙያ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያየው ይኼንን ነው። ከፍርድ ቤት ኪሳራ ተፈርዶብዎት ነው የሚመለሱት። እኔ እናቴ ስለሚመስሉኝ ነው፣ የእርስዎን ቤት አድስልዎታለሁ። ብቻ ሽማግሌ ሲጠይቅዎት ሱፍ በጓሮ የምታጥበው አሰገደች ናት ይበሉ። ሌላ አልፈልግም።"

ቡና እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ለምን ጠበቃውን አልጠየቅኩም? ቢሮው ከገበያው ማዶ ነበር። እግሬ አሞኝ ነው? ለገበያ የሚሄድ እግር ለጠበቃ ያመዋል? ፈርቼ ነው እላለሁ። እውነት ነው፣ ፈርቻለሁ። በገዛ ውኃዬ ቤቴን ያፈረስኩ፣ እሷንም ይዤ የወደቅኩ መስሎኛል። ግን ፍርሃት ብቻ ከሆነ ለአሰገደች ለምን አልነገርኳትም? ግድግዳውን ብደበድብ ትሰማኝ አልነበር? እኔ እኮ ልቤ ውስጥ የታደሰውን ቤቴን አይቼዋለሁ። በሩ ሲዘጋ፣ ሊሾው ሲያበራ አይቻለሁ። እኔ ልዳን ብያለሁ። እሷ ልጆች አሏት፣ ያሠሩላታል ብያለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰይጣን አሳሳተኝ ማለት ሰይጣንን መበደል ነው።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር ነበር። አሰገደች ነገሯን ተናገረች፤ አጥርታ፣ ሳትሳደብ። ኮንትራክተሩ ተነሣና ውኃ ነው አለ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ወደ እኔ ዞሩ።

"በለጡ፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ነውና አንቺ ታውቂያለሽ። ያየሽውን ተናገሪ፣ ያላየሽውን ተይ" አሉኝ።

እኔም "ሱፍ በጓሮዋ ስታጥብ አያለሁ። ውኃውንም እዚያው ነው የምትደፋው" አልኩ።

አሰገደች ቀና ብላ አየችኝ። መጀመሪያ ያልሰማች መሰለች። እኔ "አጣቢዋስ እሷ ናት!" እስክትል ጠበቅኩ። ብትል ማስረጃዋ ብዙ ነው፤ ወንዝ ለወንዝ አብረዋት የሚያጥቡት ሴቶች ሁሉ ይመሰክሩላት ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። እሷ ነጠላዋን አስተካከለችና "ጎረቤቴ አየሁ ካለች አይታ ይሆናላ" አለች። ሽማግሌዎቹ ሠሪው ዕዳ የለበትም ብለው ተነሡ።

የእኔ ቤት ታደሰ። ሰዎቹ እስከ አለቱ ቆፍረው ፌሮና ኮንክሪት ሞሉበት፤ መቆፈር ያውቁ ኖሯል። ለሰፈሩ የራሴ ልጅ ያሠራልኝ ነው አልኩ። አሰገደችም ሰማች፣ "እንኳን ደስ ያለሽ" ብላ ገብታ አየችልኝ። ገብታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችውና "ይኼስ ይቆያል" አለች። በማግሥቱም እንዝርቷን ይዛ ፀሐይ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ብትሰድበኝ፣ ብትረግመኝ፣ እግዜር ይይልሽ ብትለኝ ምን ነበረበት? አንድም ቀን አላነሣችብኝም። እኔም አላነሣሁም። ወሬ የማያልቅብኝ እኔ ወሬ አጣሁ።

የእሷ ግድግዳ በባሕር ዛፍ ተደግፎ አንድ ክረምት ቆመ። በሚቀጥለው ክረምት የጓሮው ግድግዳ አልጋዋ ላይ ተናደ፤ እሷ ኪዳን ልታደርስ ወጥታ ስለነበር ተረፈች። ልጇ መጥቶ ደብረ ብርሃን ወሰዳት። ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ እንኳ "እግርሽን አደራ" አለችኝ። አሁን ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። በሾፌሮች እጅ ሰላምታ ትልካለች፤ ሱፍ ላኪልኝ ትላለች። እኔም እልክላታለሁ፤ እግሬን እየጎተትኩ ወንዝ ወርጄ ያጠብኩትን።

እሷ ከሄደች በኋላ ጠበቃውን ገበያ ላይ አገኘሁት። ዓይኔን ሳያይ ነው የነገረኝ። ከሽማግሌው በኋላ አሰገደችን ጠርቶ ፍርድ ቤት እንሂድ ብሏት ነበር። የሱፍ እጣቢ መሠረት አይበላም፣ መሠረቱ ከዋልካው ላይ ነው የተቀመጠው፣ ባለሙያ ሲያይ በአንድ ጠዋት ይለይለታል ብሏታል። እሷም ደስ ብሏት ኖሮ "በለጡስ?" ብላ ጠየቀች። ተከሳሹ እሷን በምስክርነት መጥራቱ አይቀርም፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ ትምላለች አላት።

"እንግዲያ ይቅር" አለችው። "እሷን መጽሐፍ አስይዤ ከማስዋሽ ቤቱ ይፍረስ።"

የራሴን ነፍስ እኔ ልሸጣት ስሮጥ እሷ በቤቷ ዋጀችልኝ። ይህን የሰማ ሰው በቆመበት አይወድቅም? እኔ አልወደቅኩም። ሽንኩርት ገዝቼ ቤቴ ገባሁ፤ በሬን ዘጋሁ፤ በሩ በደንብ ይዘጋል።

ጠበቃው አንድ ሌላ ነገርም ብሎኛል። አሥር ዓመቱ ገና አልሞላም፤ አሰገደች ዕርቅ አልፈረመችም፤ መክሰስ ዛሬም ትችላለች። የጎደለው ያን ቃል የሚመልሰው ሰው ነው አለኝ። ያንን ከሰማሁም ሁለት ክረምት አልፏል። ሁለት ክረምት በደረቅ ቤት ተኝቻለሁ።

አሁን ግን ቆርጫለሁ። መጀመሪያ ለአባ፣ ከዚያ በሕይወት ላሉት ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ዳኛው ፊት እናገራለሁ። ኮንትራክተሩ ይክሰሰኝ፣ ሰፈሩም ይትፋብኝ፣ ይገባኛል። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የተበደለችው እናንተ አይደላችሁም። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። አሰገደችን አውቃታለሁ። ዳኛው ፊት ቆሜ ስናገር፣ ካጠገቤ ተነሥታ "በለጡ አርጅታ ነው፣ ተምታቶባት ነው፣ ያጠብኩት እኔ ነኝ" ትላለች። እኔን ለማዳን ስትል ትዋሻለች።

እንዳታምኗት። ሱፉን ያጠብኩት እኔ ነኝ።