ምንጩ የተፋው ገለባ

አምቦ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከአምቦ የወጣሁት አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴትዮ በስልክ ስለተቆጡኝ ነው። «አንተ ልጅ፣ የጻፍከውን ነገር አይተኸዋል?» አሉኝ። ይኸው ነው ቁጣቸው። እኔን ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ።

የአካባቢ ጥናት ባለሙያ ነኝ። አንድ ከተማ ቆሻሻ መድፊያ ሲመርጥ፣ ቦታው ውኃና ረግረግ እንዳያበላሽ አስቀድሞ መጠናት አለበት፤ አጥንቼ የምፈርመው እኔ ነኝ። የካቲት ላይ ከእንጭኒ ወዲያ ላለች ትንሽ ከተማ ድንጋይ ወጥቶበት የተተወ አንድ ካባ አጥንቼ ነበር። «በአቅራቢያው የውኃ አካል አለ?» ለሚለው የቅጹ ጥያቄ «የለም» ብዬ ሞላሁ። ጥናቱ የፊታችን ሰኞ ይጸድቃል። አሁን ነሐሴ ነው።

አዴ ጫልቱ ከካባው በታች ባለው መንደር ነው የሚኖሩት። «ጉድጓዱ ዝናቡን ሁሉ ይጠጣል። የት እንደሚወስደው የማውቀው እኔ ነኝ፤ ና ላሳይህ። ገለባ ይዤ እጠብቅሃለሁ» አሉኝ። ገለባ ለምን? እሱን ለማወቅ ብቻ እንኳ እሄድ ነበር።

ጊንጪ፣ ሁለት ሰዓት ግድም

ሚኒባሱ ለቁርስ ቆመ። ሻይና ጨጨብሳ አዘዝኩ፤ ቅቤው ጣት ያስቆረጥማል። አጠገቤ የተቀመጡት የእህል ነጋዴ የት እንደምሄድ ጠየቁኝ።

«ቆሻሻ የሚደፋበት ቦታ ለማየት።»

«አምቦ ላይ ቆሻሻ አጣህ እንዴ?» ሲሉ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ይደረግ!

ሆለታ ላይ መኪና ቀየርን። ወደ እንጭኒ ስንታጠፍ ግራ ቀኙ ገና ያልታጨደ ገብስና ስንዴ ነው፤ ደመናው ጣሪያችን ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ከእንጭኒ ያደረሰኝ ባጃጅ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ተይዞ፣ ሁለቴም ወርጄ ገፋሁ። ሒሳቡን ግን አልቀነሰልኝም።

ከተማዋ፣ አምስት ሰዓት

የጽዳት ኃላፊው ኦቦ ገመቹ ጃንጥላ ይዘው ተቀበሉኝ። መጀመሪያ የወሰዱኝ ወደ ካባው አይደለም። አሁን ቆሻሻ የሚደፋው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው፤ ዝናብ እየመታውም ይጨሳል። የክረምት ትምህርት የሚከታተሉት ልጆች መስኮቱን ዘግተው ተቀምጠዋል።

«እኔ ለራሴ ምቾት መሰለህ የምጣደፈው?» አሉኝ። «ካባው የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ደግሞ አንተ ራስህ ፈርመሃል!»

ወደ ካባው ሄድን።

አዴ ጫልቱ ካባው ጫፍ ላይ ቆመው አገኘናቸው፤ ቦት ጫማ ተጫምተው፣ ገለባ የሞላ ማዳበሪያ እግራቸው ሥር አድርገው።

«አካም ቡልተን፣ አዴ» ብዬ እንዴት እንዳደሩ ጠየቅኳቸው።

«ነጋ፣ ገለታ ዋቃ። አስታወስከኝ? የካቲት ላይ ስለ ካባው ሕዝቡን ስትሰበስቡ እጄን አውጥቼ ነበር። ‹መጨረሻ ላይ ዕድል ይሰጥዎታል› አልከኝ። መጨረሻ ላይ ለስላሳ መጣ።»

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «ሕዝቡ ሐሳቡን በጭብጨባ ተቀብሏል» ይላል። እሳቸውም ሳያጨበጭቡ አልቀሩም፣ ለለስላሳው።

ወደ ካባው ስመለከት በጣም ገረመኝ። ከማሳው የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፤ ጉድጓዱ ግን አይሞላም። አንድ ጥግ ላይ ካለ ስንጥቅ ውስጥ እየተሽከረከረ ይጠፋል። አዴ ጫልቱ ገለባውን እዚያ ስንጥቅ ላይ ዘረገፉት፤ መሬቱ ጠጣው።

«ድሮ አውድማችን እዚህ ጫፍ ላይ ነበር» አሉ። «ክረምት በገባ ቁጥር ምንጫችን ገለባ ይተፋል። እናቴ ገለባውን በነጠላ እያጠለለች ነው ያጠጣችን።»

ምንጩ ዘንድ፣ ስምንት ሰዓት

ቁልቁል ግማሽ ሰዓት ሄድን። የካቲት ላይ «የግጦሽ ሜዳ» ብዬ የጻፍኩት ደረቅ መሬት ጨፌ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ውኃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፣ ሣሩ ጉልበት። ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች በመሐሉ ይራመዳሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ! ያኔ አንድ ሰው እንኳ «ክረምት ላይ እንዴት ነው?» ብዬ ብጠይቅ ምን ነበረበት?

ሴቶች ጀሪካን ይሞላሉ። ቁጭ ብለን ጠበቅን፤ አንድ ሰዓት አለፈ፣ ምንም የለም።

«አዴ፣ ገለባው መንገድ ጠፍቶት ይሆናል» አሉ ኦቦ ገመቹ እየሳቁ።

«ሰው ነው እንጂ ገለባ መንገድ አይጠፋውም።»

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ልጅ እግር ሴት ጀሪካኗን ከምንጩ አወጣችና አፉን በጣቷ ጠረገች። ገለባ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ። ውኃው ፊት ለፊታችን ቢጫ ሆነ። ኦቦ ገመቹ አንዷን አንስተው መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩ፤ ሳቁ ጠፋ።

«ታዲያ የልጆቹን ጭስ ምን ላድርገው?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በሉት።

«ሌላ ቦታ እንፈልጋለን» አልኳቸው። «እስከዚያ እሳቱ እንዲጠፋና ቆሻሻው አፈር እንዲለብስ እጽፋለሁ። አዲሱን ቦታ ግን አስቀድመው የሚያዩት አዴ ጫልቱ ናቸው።»

«ሰኞ ቢሮ ገብቼ አስተካክላለሁ» ብዬ ደብተሬን ልዘጋ ስል፣ አዴ ጫልቱ እጄን ያዙ።

«እዚሁ ጻፈው። አምቦ እስክትደርስ ይደርቅብሃል።»

ከመዝገብ ቤት አውጥቼ ይዤው የመጣሁትን ቅጽ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ «የለም» የሚለውን ሰረዝኩ፤ «አለ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ኦቦ ገመቹ ጃንጥላቸውን ከራሳቸው አንስተው ወረቀቱ ላይ ያዙልኝ።

አምቦ

በጣም መሽቶ ቤቴ ገባሁ፤ ጫማዬን ባለቤቴ ደጅ አስቀረችው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህ ነው፦ አንድን ቦታ በበጋ ብቻ አይቶ መፈረም፣ የተኛን ሰው አይቶ ዝምተኛ ነው እንደማለት ነው። ደግሞ እጁን ያወጣ ሰው ለስላሳው ሳይመጣ ይናገር።

ሰኞ ቅጹን ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሰጠኋት። ፊርማዬ አጠገብ አንዲት ገለባ ደርቃ ተጣብቃለች። በጥፍሯ ልትፍቃት ስትል፣ «ተይው፣ አባሪ ነው» አልኳት።